ለቤታችን ሰርቨር ምን ዓይነት ዕቃ እንምረጥ? ከባምባሲ የተገኘ ትምህርት

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ቃለ መጠይቅና ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ርዕስ ግን ትንሽ ለየት ይላል። ቃለ መጠይቁ ከተቀዳ በኋላ የት ነው የሚቀመጠው? ድምፁ፣ ቪዲዮውና ፎቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ስንፈልገው ይገኛል ወይ? እኔ የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አይደለሁም። ነገር ግን ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ ያስገደደኝ ነገር ስለደረሰብኝ፣ ባለፈው ክረምት ባምባሲ ቤታችን ገብቼ መልሱን ስፈልግ ከረምኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ለምን አነሳሁት?

አያቴ ወደ ባምባሲ የመጣችው በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ነው። እንደሚታወቀው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ድርቁን ተከትሎ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍሎች ሲያሰፍር፣ የአሶሳ አካባቢ ከዋናዎቹ መስፈሪያዎች አንዱ ነበር። በአካባቢያችን እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች አሉ። በኋላ ኑሮው ረጋ ሲል አያቴ ወሎ ከቀሩት ዘመዶቿ ጋር የምትገናኘው በካሴት ነበር። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ድምፅዋን ቀድታ በሰው ትልካለች፤ እነሱም ቀድተው ይመልሳሉ። የመጡላት 36 ካሴቶች እስካሁን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉ።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለቃለ መጠይቅ ኮርስ የቤት ሥራ አያቴን በስልኬ ቀዳኋት። 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ስለ መንገዱ፣ በመንገድ ላይ ስለቀበረችው ልጅ፣ ስለ መጀመሪያው ክረምት፣ ስለ በርታና ማኦ ጎረቤቶቿ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ፎቶ ቤት ወዳለው አጎቴ ዘንድ ሄድኩ (እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው)። ከሜሞሪ ካርዱ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሳዛውር «ኮፒ» ማድረግ ሲገባኝ «ከት» አደረግሁ። ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ሲመለስ ዲስኩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። ካርዱ ላይም የለም፣ ዲስኩ ላይም የለም። በዚህ ላይ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ካርዱ ባዶ ሆነልኝ ብዬ በማግስቱ የሰርግ ቪዲዮ ቀዳሁበት! የጠፋ ፋይል ሊመለስ የሚችለው በቦታው ላይ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉም የተረፈው 4 ደቂቃ ብቻ ነው። እሱም የተረፈው ኮምቦልቻ ላለችው አክስቴ በቴሌግራም ልኬላት ስለነበር ነው። አሁን አያቴን «እስኪ እንደገና ንገሪኝ» ስላት «ነግሬሽ የለም እንዴ!» ትለኛለች። ስትጀምረውም ግማሹን ትረሳዋለች።

እንግዲህ ጋሼ የካሴቱንም፣ የፎቶ ቤቱንም፣ የስልኩንም ነገር በአንድ ቦታ የሚይዝ «ሰርቨር» ቤት ውስጥ እናስገባ ሲሉ፣ ዕቃውን የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ሰርቨር ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰርቨር የሚለው ቃል ትልቅ ክፍል ሙሉ ማሽን ያስመስለዋል። ነገርዬው ግን ቀላል ነው። ሳይጠፋ የሚሠራ፣ ፋይሎችን በአንድ ቦታ የሚይዝና ሌሎች ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ሲጠይቁት የሚሰጥ ማንኛውም ኮምፒውተር ሰርቨር ነው። ሥራው ከቡና ቤት አስተናጋጅ አይለይም፤ የታዘዘውን ከጓዳ አምጥቶ ያቀርባል።

ደግሞ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የቤት ሰርቨር ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር እስካለ ድረስ፣ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ስልካችን ከሰርቨሩ ጋር ይገናኛል። ዳታ ሳንገዛ ፊልም ማየት፣ ካሴት ማዳመጥ ይቻላል። ለእንደ እኛ ዓይነት ከተማ ትልቅ ጥቅሙ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ያለንን እንቁጠር

ገበያ ከመውጣት በፊት መቁጠር ይቀድማል። እኔም ደብተር ይዤ ጀመርኩ።

ካሴት፦ 36 ካሴቶች፣ እያንዳንዳቸው የ60 ደቂቃ። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር፣ አያሳ በመባል የሚታወቀው፣ ጥንታዊ ድምፅ ሲገለበጥ ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት እንዲሆን ይመክራል። በዚህ መጠን አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ ሳይጨመቅ 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ 36 ካሴት ማለት 37 ጊጋባይት ያህል ነው። በኤምፒ3 ቢሆን ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ግን ኤምፒ3 ከድምፁ ላይ የሚቆርጠው ነገር ተመልሶ አይገኝም። ዋናውን ሳይጨመቅ እናስቀምጥ፣ ለማዳመጫ ደግሞ ኤምፒ3 እናውጣ።

የቪዲዮ ክር፦ ጋሼ ድሮ ሰርግ የቀረጹባቸው 40 ሚኒዲቪ ካሴቶች አሏቸው። አንዱ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ነው። 520 ጊጋባይት።

የስልክ ቪዲዮ፦ 30 ሰዓት ያህል። በተለመደው የስልክ ጥራት አንድ ሰዓት ወደ 8 ጊጋባይት ይጠጋል። 240 ጊጋባይት።

ፎቶ፦ 20 ሺህ ገደማ፤ አንዱን በ4 ሜጋባይት ብናስበው 80 ጊጋባይት።

ድምሩ 877 ጊጋባይት ይሆናል። በዓመት 200 ጊጋባይት ቢጨመር በአራት ዓመት 1,677 ይደርሳል። ስለዚህ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ይበቃናል። እዚህ ላይ ግራ እንዳትጋቡ፤ 2 ቴራባይት ዲስክ ገዝታችሁ ዊንዶውስ ላይ ብትሰኩት 1.81 ወይም 1.82 ብሎ ያሳያችኋል። ሻጩ አልሰረቃችሁም። አምራቹ የሚቆጥረው በ1,000 እያባዛ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 ስለሆነ ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትልልቅ ሳህኖች ኖሮት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ ያን ይሞላዋል።

አራቱ ዕጩዎች

ከቆጠርን በኋላ የሚቀጥለው ማሽኑ ነው። በእጃችን ያሉትንም የሌሉትንም ጨምሬ አራት ዕጩዎች አቀረብኩ። አንደኛ የጋሼ አሮጌ ዴስክቶፕ፤ ሁለተኛ ስክሪኑ የተሰነጠቀ የወንድሜ ላፕቶፕ፤ ሦስተኛ ራስበሪ ፓይ የሚባለው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር፤ አራተኛ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሠራ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን (ናስ ይሉታል፤ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ከሚያመርቱት መካከል ናቸው)።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ፕሮሰሰራቸውን ነበር። አባቴ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ስንት መብራት ይበላል?» እኔም ሳቅሁ። በኋላ ሳሰላው ግን ከጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ሆኖ አገኘሁት።

ሰርቨር ሌትና ቀን ስለሚበራ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋት ሲባዛ በ24 ሰዓት ሲባዛ በ30 ቀን። ዴስክቶፑ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ እንኳ 80 ዋት ያህል ቢወስድ በወር 57.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ላፕቶፑ ከነዲስኩ በ15 ዋት 10.8 ነው። ራስበሪ ፓይ ከትንሽ ዲስክ ጋር በ8 ዋት 5.8 ገደማ ነው። ባለ ሁለት ዲስኩ ሳጥን በ18 ዋት 13 ገደማ ነው። የአገራችን የቤት መብራት ታሪፍ በእርከን የሚጨምር ሲሆን የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያ ማለት ዴስክቶፑ ብቻውን፣ ምጣዱና አምፖሉ ሳይቆጠር፣ ቤቱን ከመጀመሪያው እርከን ያስወጣዋል ማለት ነው። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር የተወሰነ በመሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። ዴስክቶፑ በነጻ የተገኘ ይመስላል እንጂ በየወሩ የሚከፈልበት ዕቃ ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በክልላችን ጉባ ወረዳ ነው፤ የተመረቀውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ኃይል ማመንጨትና ያንን ኃይል እስከ እያንዳንዱ ቤት ሳይቆራረጥ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሰርቨር የሚያቅድ ሰው መብራት እንደሚጠፋ አስቦ ማቀድ አለበት።

የእኔ ፋይል ለምን እንደጠፋ ያስረዱኝም በዚህ በኩል ነው። ዲስኩ የተዘጋጀው ኤክስፋት በሚባለው አደረጃጀት ነበር። ኮምፒውተር ፋይል ሲጽፍ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ፋይሉን ራሱንና ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ። ማውጫው እየተጻፈ እያለ መብራት ከጠፋ መጽሐፉ ቢኖርም የመጽሐፍ ቤቱ መዝገብ ተቀደደ ማለት ነው። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስና የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ሊያደርጉ ያሰቡትን አስቀድመው በማስታወሻ ስለሚይዙ፣ ከመቋረጥ በኋላ ማውጫውን ለማስተካከል ይችላሉ። ኤክስፋት ይህ ማስታወሻ የለውም። ስለዚህ በሰርቨር ላይ ለሚቀመጥ ዲስክ ከሁለቱ አንዱን እንምረጥ።

ለመብራቱ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዩፒኤስ መግዛት ነው። በገበያ ላይ የምናየው አነስተኛ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። በወረቀት ላይ ዴስክቶፑን አንድ ሰዓት የሚያቆይ ይመስላል፤ በተግባር ግን በመካከል የሚባክነው ብዙ ስለሆነ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ሥራው ኮምፒውተሩን በሰላም ለማጥፋት ጊዜ መስጠት ነው። ስታብላይዘር ደግሞ ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም። ሁለቱን አናምታታ።

ሁለተኛው መንገድ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፕ ዩፒኤሱን በሆዱ ይዞ ነው የተወለደው! የወንድሜ ላፕቶፕ ባትሪ አርጅቶ 20 ዋት ሰዓት ያህል ቢቀረውም፣ በ15 ዋት ፍጆታ ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆያል። ከዩኤስቢ ኃይል የሚያገኘው ትንሹ ዲስክም አብሮ ይቆያል። ባትሪው 20 በመቶ ሲደርስ ራሱን እንዲያጠፋ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ግን እንዳይተኛ ማዘዝ ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ የሚውል አሮጌ ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። በየወሩ ታቹን እንየው፤ ካበጠ ወዲያው ይውጣ። የመብረቅ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም ከሶኬት መንቀል ከማንኛውም መከላከያ ይሻላል።

የዲስክ አመራረጥ

አሁን ወደ ዋናው ዕቃ መጣን። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይተካል፤ ዲስኩ ውስጥ ያለው ግን አይተካም።

1ኛ/ ትልቁ ወይስ ትንሹ? ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ርካሽ ቦታ ይሰጣል፤ ግን የራሱ አዳፕተር ስለሚያስፈልገው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ትንሹ ባለ 2.5 ኢንች ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ይበላል። ለእኛ ትንሹ ተመራጭ ሆነ።

2ኛ/ ኤስኤስዲ ቢሆንስ? ኤስኤስዲ ፈጣንና ቢወድቅም ጠንካራ ነው። ነገር ግን በተመሳሳይ ገንዘብ የሚሰጠው ቦታ ያነሰ ነው። ደግሞም መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ ለዓመታት ሳይሰካ በሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። ለስርዓተ ክወናው (ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ) ትንሽ ኤስኤስዲ፣ ለማከማቻው ሃርድ ዲስክ ይሁን።

3ኛ/ ኤስኤምአር እና ሲኤምአር። እነዚህ ሁለት የአጻጻፍ ዘዴዎች ናቸው። ኤስኤምአር መስመሮቹን እንደ ቤት ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ስለሚጽፍ ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን የተጻፈውን ደጋግሞ ሲቀይር ይዘገያል። በ2020 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹ አምራቾች ዌስተርን ዲጂታል፣ ሲጌትና ቶሺባ አንዳንድ ኤስኤምአር ዲስኮችን በግልጽ ሳይናገሩ መሸጣቸው ታውቆ ብዙ ተጠቃሚ ተቆጥቶ ነበር። አንድ ጊዜ ተጽፎ ደጋግሞ ለሚነበብ ካሴትና ሰርግ ግን ኤስኤምአር ይሠራል። በአንድ ላይ ለሚሠሩ ብዙ ዲስኮች ከሆነ ሲኤምአር መፈለግ ያስፈልጋል።

4ኛ/ ያገለገለ ዲስክ። ሁሉም ሃርድ ዲስክ የራሱን ጤንነት የሚመዘግብበት ስማርት የሚባል መዝገብ አለው። ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሻጩ ፊት ከፍቶ ማየት ይቻላል። ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። በተለይ የተበላሹና የተተኩ ቦታዎች ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነና እየጨመረ ከሄደ፣ ዲስኩ ለመሰናበት እየተዘጋጀ ነውና ተውት።

5ኛ/ የውሸት ፍላሽ። በጣም ርካሽ «2 ቴራባይት» ፍላሽ ካያችሁ ጠርጥሩ። ውስጡ 32 ጊጋባይት ሆኖ 2 ቴራባይት ነኝ እንዲል የተደረገ ሊሆን ይችላል። የጻፋችሁበት ሁሉ የገባ ይመስላል፤ ስትከፍቱት የለም። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከመጸጸት ይሻላል።

ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ገመድ

ፋይል ለማስቀመጥና ለማቅረብ ብቻ ትልቅ ፕሮሰሰር አያስፈልግም። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ለአንድ ቤት ይበቃል። ፕሮሰሰር የሚፈተነው ቪዲዮውን የሚቀበለው ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ያንን ዓይነት ማጫወት ሳይችል ቀርቶ ሰርቨሩ እዚያው እየለወጠ እንዲልክ ሲገደድ ነው። ጄሊፊን የሚባለውን ነጻ የፊልምና የሙዚቃ ማቅረቢያ ፕሮግራም ስንሞክር ያየነውም ይህንኑ ነው። መፍትሔው ውድ ፕሮሰሰር መግዛት ሳይሆን ቪዲዮውን አስቀድሞ ሁሉም መሣሪያ ወደሚያነበው ኤች.264 ወደሚባለው ዓይነት አንድ ጊዜ መለወጥ ነው። ሌሊት ላይ ይሠራው!

ገመዱ ግን ይታያል። የራውተሩ መሰኪያ ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያልፈው፤ ያንን 877 ጊጋባይት ለማሳለፍ 22 ሰዓት ይፈጃል። ባለ ጊጋቢት ከሆነ ወደ 2 ሰዓት ከሩብ ይወርዳል። ራስበሪ ፓይ ለመግዛት ያሰበ ሰውም በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቁጥር 4 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን ይምረጥ፤ ከዚያ በፊት ያሉት እውነተኛ ጊጋቢትና ዩኤስቢ 3 የላቸውም።

የጋሼን አሮጌ ዴስክቶፕም ቢሆን አልጣልነውም። ሚኒዲቪ ካሜራ የሚሰካው ፋየርዋየር በሚባል መሰኪያ ሲሆን አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ይህ የላቸውም። ዴስክቶፑ አለው! ስለዚህ ክር በሚገለበጥበት ቀን ብቻ ይበራል፤ ሲጨርስ ይጠፋል።

ሁለት ዲስክ በአንድ ሳጥን በቂ ነው?

ጋሼ አራተኛውን ዕጩ፣ ባለ ሁለት ዲስኩን ሳጥን በጣም ወደውት ነበር። «አንዱ ቢሞት ሌላው አለ አይደል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይህ ሬይድ 1 ይባላል፤ ሬይድ የሚለውን ሐሳብ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው በጽሑፍ ያቀረቡት። አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል። ነገር ግን እኔ ያደረግሁትን «ከት» ሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይፈጽመዋል። ሌባ ቢመጣ ሁለቱንም በአንድ ብብት ይዞ ይሄዳል። መብረቅም አይመርጥም። «እንግዲያው ጋሼ፣ ሁለቱን ዲስክ እንግዛ፤ ግን አንድ ቤት አይደሩ» አልኳቸው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የአገራችን ታሪክ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአሜሪካዎቹ የቫንደርቢልትና የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመረ። በጊዜ ሂደት ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት ተነሡ። ብራናው በየባለቤቱ እጅ ቀረ፤ አንድ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት መጣ፤ ጦርነትም ተከተለ። በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ኮሌጅቪል ተቀምጠው ብዙዎቹን እያነበቡ ካታሎግ ያዘጋጁት በዚያ ቅጂ ነው። ብራናው የነበረበት ቦታ ምንም ቢደርስበት ጽሑፉ አይጠፋም። ዛሬ የፎቶግራፍ ባለሙያው ፒተር ክሮግ ባሰራጨው አባባል «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባለው ደንብ ይኸው ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

ቅጂው መኖሩ ብቻ ሳይሆን መከፈቱም መታየት አለበት። በ1998 እ.ኤ.አ. ቶይ ስቶሪ 2 የተባለው ፊልም እየተሠራ ሳለ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛው ፋይል ተሰረዘ። መጠባበቂያው ሲፈተሽ በትክክል እንዳልሠራ ታወቀ። ፊልሙን ያተረፈው አንዲት ባልደረባ ከወሊድ በኋላ ቤቷ ሆና ለመሥራት ወስዳው የነበረ ኮምፒውተር ነው። የእኔም 4 ደቂቃ የተረፈው በእንደዚህ ዓይነት አጋጣሚ ነው። በአጋጣሚ የሚተርፍን ነገር በሐሳብ ማትረፍ ይቻላል።

የመረጥነው

ስለዚህ ቤታችን የወሰነው የሚከተለውን ነው። ማሽኑ የወንድሜ ላፕቶፕ፤ ማከማቻው ባለ 2 ቴራባይት ትንሽ ሃርድ ዲስክ፤ ከራውተሩ ጋር በገመድ። ሁለተኛ ተመሳሳይ ዲስክ፣ ከሌላ አምራች፣ አሶሳ ባለው የአጎቴ ልጅ ቤት ይቀመጣል፤ አሶሳ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ በሁለት ወር አንዴ እየመጣ ይታደሳል፣ በዚያውም አሥር ፋይል በዕጣ ተከፍቶ ይታያል። የካሴቶቹ ድምፅ ደግሞ 37 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ በ64 ጊጋባይት ፍላሽ ተገልብጦ ኮምቦልቻ ለአክስቴ ይላካል። ለዲስክ ሁለት ጊዜ ለመክፈል የቻልነው ለፕሮሰሰር አንድ ጊዜም ስላልከፈልን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገርም እሱ ነው፤ ገንዘቡ ካጠረ ከማሽኑ ቀንሱ እንጂ ከቅጂው አትቀንሱ።

ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በባምባሲ የሚነገረው የማኦ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ማይክል አላንድ የተባለ የቋንቋ ምሁር በ2012 እ.ኤ.አ. የዚህን ቋንቋ ሰዋስው በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት አቅርቧል። እኛ ለቤት ሥራ ብለን በስልክ የምንቀዳው የአንድ አዛውንት ድምፅ የዚያ ሰው ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ክፍላችንም በየዓመቱ የምንሠራቸውን ቃለ መጠይቆች የሚያስቀምጥበት አንድ ላፕቶፕና ሁለት ዲስክ ቢኖረው፣ ተናጋሪዎቹም ድምፃቸው እንዲቀመጥ አስቀድመው ፈቃዳቸውን ቢጠየቁ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ይጠቀሙበታል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ከካሴቶቹ የመጀመሪያውን ስንገለብጥ የወጣው የአያቴ ታናሽ ወንድም ድምፅ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። አያቴ ከጓዳ ሰምታ መጣችና ላፕቶፑ አጠገብ ተቀመጠች። ካሴቱ ሲያልቅ ስልኬን እንዳወጣ በእጇ ምልክት ሰጠችኝና «በይ ቅጂ፤ የመንገዱን ልንገርሽ» አለችኝ። 50 ደቂቃ ተናገረች። እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ብዙ ጎድሎታል። ግን በዚያው ቀን ማታ በሦስት ቦታ ተቀምጧል።

እናንተም ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር ምን እንዳለ እዩ። «ከት» አትበሉ፣ «ኮፒ» በሉ። ቸር ያገናኘን!